የቦይ ዳር ሽምግልና

የወንድሜ ልጅ ትዳር ውሃ በሌለው ወንዝ ዳር ሊቀር ለጥቂት ነው የተረፈው። ሊያስቀረው የነበረው አንተ ነህ የሚሉኝ ዘመዶች ዛሬም አሉ። ይበሉ። እኔ የሆነውን እንደሆነው እጽፈዋለሁ፤ ጥፋቱ የማን እንደነበረ ያነበበ ይፍረድ።

ያን ጊዜ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ እንደ ዛሬው በአማርኛ የተጻፈ ሰሌዳ የለም። አበሻ ካየህ መንገድ ተሻግረህ ሄደህ ነው የምትስመው። ሰፈሩ የአይሁዶች ነበር፤ ዳቦ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ዓሣ ሻጭ፣ ሁሉም የእነሱ። እኔና የወንድሜ ልጅ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ሕንፃ ላይ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። እሷ ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። እኔ ዌስትውድ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ የመኪና ማቆሚያ እጠብቃለሁ። አባቷ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ አርፏል። ስለዚህ አባቷ እኔ ነኝ።

መኪና ጠባቂ ልሁን እንጂ መኪና አልነዳም። አዲስ አበባ ሳለሁ የመሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበርኩ። ያለኝ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ነው፤ ፖስታው ላይ የተጻፈውን ለመለየት ይበቃኝ ነበር። ደብዳቤውን የማደርሰው በቢስክሌት ነው። ሎስ አንጀለስም መጥቼ ሥራ የምሄደው በቢስክሌት ሆነ። የዩኒቨርሲቲው አበሻ ተማሪዎች ይስቁብኝ ነበር። "ጋሼ፣ አሜሪካ ድረስ መጥተው በቢስክሌት?" ይሉኛል። ቤንዚን የጠፋ ጊዜ ግን ማደያው ላይ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈው ሲያንቀላፉ ደወሌን እየደወልኩ አጠገባቸው አለፍኩ። ያን ቀን አልሳቁም።

አንድ ቀን ፔዳሉ ተነቀለብኝና እየገፋሁ ከቤታችን ብዙ ወደማይርቅ ቢስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውየው አፉን ሲከፍት ጣሊያን መሆኑን አወቅኩ። ፍሬኑን ፍሬኖ፣ መብራቱን ፋናሌ ሲል የእኛ አገር ጋራዥ ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ።

"ከየት ነህ?" አለኝ።

"ከኢትዮጵያ።"

እጁ ቆመ። ዘይቱን በጨርቅ ጠረገና ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። እኔ አባቴን አላውቀውም፤ የሞተው በጣሊያን ጊዜ ነው። ይህን አልነገርኩትም። ፔዳሉን ገጠመ፣ ሰንሰለቱን ሳልጠይቀው አጠበቀ፣ ሒሳቡን ስሰጠው አልቀበልም አለ።

ጣሊያን በነፃ የሰጠውን ነገር እኔ አላውቅም። ጭራሽ በሩ ላይ ሸኝቶኝ፣ "ቅዳሜ ና። መኪና የማይገባበት መንገድ አሳይሃለሁ" አለኝ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ መኪና የማይገባበት መንገድ! ውሸታም መሆኑን ያረጋገጥኩት እዚያ ላይ ነው። ደግሞስ ጣሊያን መንገድ ሲል ጆሮዬ ይቆማል፤ እኛም ዘንድ የገባው መንገድ እየሠራ ነው።

ቤት ገብቼ ለልጅቷ ነገርኳት። ድስት እያማሰለች ነበር፤ ዞር አላለችም።

"ይሂዱ እንጂ ጋሼ። ለጤናዎም ጥሩ ነው።"

"ጣሊያን ለእኔ ጤና ማሰብ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ኦኬ፣ ይቅር። ግን ቢሄዱ ጥሩ ነው።"

ይሄም አላማረኝም። ይህች ልጅ ቢስክሌት ይገድልዎታል እያለች ስትጮህብኝ የኖረች ናት።

ቅዳሜ ሄድኩ። የሄድኩት ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ነው። ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ሽበት ያወጣ ሰው፣ ቁምጣ ለብሶ! እኔ ኮቴን ለብሼ፣ የሱሪዬን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ከትቼ ነው የመጣሁት። ወደ ደቡብ ወረድንና ከልቨር ሲቲ የሚባል ሰፈር ስንደርስ ከአንድ ድልድይ አጠገብ የሽቦ አጥር በር ገፍቶ ቁልቁል አስገባኝ።

እውነትም መንገድ ነው። ሁለት ቢስክሌት ጎን ለጎን የሚያሳልፍ አስፋልት። መኪናው ከላይ በድልድዩ ይሄዳል፣ እኛ ከሥር። አጠገባችን ወንዙ አለ፤ ወንዝ ካሉት። ግራና ቀኙ ሲሚንቶ፣ ሆዱም ሲሚንቶ፣ መካከሉ ላይ ከዕቃ ማጠቢያ የተደፋች የምታህል ውሃ። ቦይ ነው እንጂ ወንዝ አይደለም። አንድ ነጭ ወፍ በቀጭን እግሩ ቆሞ ውሃዋን ትኩር ብሎ ያያታል፤ እሱም የተጠራጠራት ይመስላል።

ሜዳ ነው። አዲስ አበባ ቢስክሌት የነዳ ሰው ሜዳ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ወይ ትወጣለህ ወይ ትወርዳለህ። እዚህ ፔዳሉን ትረግጣለህ፣ ይሄዳል። ዝም ብሎ ይሄዳል። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴን ግን አልወደድኩትም።

"ይሄ መንገድ የማን ነው?" አልኩት።

"የሁሉም ሰው።"

"ማን ሠራው?"

"መንግሥት።"

"ምን ሊያገኝ?"

ሳቀ። ጥያቄን በሳቅ የሚያልፍ ሰው ልብ ብዬ ነው የማየው።

እየነዳን ስለ አገሩ አወራኝ። የእሱ አገር እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው። ከትልቁ ወንዝ ቦይ ይወጣል፣ ከቦዩ ሌላ ቦይ፣ ከዚያም ሌላ፣ ሩዝ ሊያጠጣ። በየቦዩ ዳር ከፍ ያለ የአፈር ግድብ አለ፤ በግድቡ አናት ላይ ቢስክሌትና እግረኛ ብቻ የሚሄዱበት መንገድ። ረጃጅም ዛፎች ተሰልፈው ቆመዋል። ቀኑን ሙሉ ብትነዳ ዳገት የሚባል አታገኝም፤ የሚሰማህ እንቁራሪት ነው። ክረምት ጭጋግ ሲወርድ ውሃው የቱ፣ መንገዱ የቱ፣ አይለይም፤ ያን ጊዜ ሰው ድምፁን እያሰማ ነው የሚነዳው።

ይህን የመሰለ ሜዳ እያላቸው የእኛን ዳገት ምን ሊያደርጉት መጡ? አልኩ በልቤ። በአፌ ግን፣ "ታዲያ ጥለኸው ለምን መጣህ?" አልኩት።

"ሩዙ የእኛ አልነበረም" አለኝ።

ይህች መልስ እውነት መሰለችኝ። ስለዚህ ይበልጥ ተጠነቀቅኩ።

ወደ ባሕሩ ስትሄድ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው የሚመታህ። "ከኋላዬ ተጠጋ፤ እኔ ነፋሱን ልያዝልህ፣ ከዚያ ደግሞ አንተ ትይዝልኛለህ" አለኝ። ተጠጋሁ፤ እውነትም ቀለለኝ። ተራዬ ሲደርስ ግን ወደ ፊት አልወጣሁም። ሰው በሌለበት መንገድ ጣሊያን ከኋላዬ አስከትዬ አልሄድም። እሱ ግን እስከ ባሕሩ ድረስ ነፋሱን ብቻውን ገፋው፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ እስኪጣበቅ። ሳያጉረመርም የሚለፋልህ ሰው አንድ ነገር ሊጠይቅህ ነው።

ቦዩ ባሕር የሚገባበት ቦታ ትልልቅ ድንጋይ ተደርድሯል። እዚያ ተቀምጦ ብርቱካን ላጠና ግማሹን ዘረጋልኝ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ይቅርብኝ" አልኩት። ሰው እንዲህ ነው የሚለው፤ "በሞቴ" እስኪባል። "ኦኬ" ብሎ ሁለቱንም ግማሽ በላው። ጉሮሮዬ ደርቆ ሲበላ አየሁት።

ከጥምቀት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄድን። ለምን ትሄዳለህ ብትሉኝ ሜዳው ነው። እሱ ግን ቀስ በቀስ መጠየቅ ጀመረ። ወንድምህ ምን ይሠራ ነበር? ልጁ ከአንተ ጋር ነው የምትኖረው? ሃይማኖታችሁ ከካቶሊክ በጣም ይርቃል? በዚያን ጊዜ ተማሪዎቹ እንኳን እርስ በርሳቸው ሰላይ ነህ፣ ሰላይ ነሽ ይባባሉ ነበር። ይሄ ሰው የኢሚግሬሽን ነው አልኩ። ወረቀታችንን ሊያጣራ ነው። የጠየቀኝን ሁሉ ግማሽ ግማሹን መለስኩለት።

ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ፣ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ጉልበቱን እያከከ እንዲህ አለኝ፦

"ልጄ አናጺ ነው። በርባንክ ከተማ ለፊልም የሚሆን ቤት ይሠራል።"

"የምን ቤት?"

"ፊቱ ብቻ ያለ ቤት። ከኋላው ባዶ ነው።"

ጥሩ ምልክት አይደለም አልኩ በሆዴ።

"መጋዝ እጁን ቆርጦት ሆስፒታል ሄደ። ቁስሉን ያሰረችለት የወንድምህ ልጅ ናት። ይፈላለጋሉ። አጎቴ ሳይፈቅድ አይሆንም አለችው። ስለዚህ እኔ ልጠይቅህ።"

ሁሉም አንድ ላይ ተገለጠልኝ። የነፃው ጥገና፣ ነፋሱ፣ የልጅቷ "ይሂዱ እንጂ"። ለካ እኔ ከጥምቀት ጀምሮ ቢስክሌት የምነዳው ሽማግሌ ተልኮብኝ ነው!

እና ምን ዓይነት ሽማግሌ! በእኛ ደንብ ሽማግሌ ብቻውን አይመጣም። ሦስት ሆነው፣ ለብሰው፣ ቤት ድረስ ይመጣሉ። ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆመው ይናገራሉ። ይሄኛው በቁምጣ፣ ድንጋይ ላይ ተዘርፍጦ! ቢሆንም እሱ ደንብ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ። የመጀመሪያው መልስ የታወቀ ነው።

"አይሆንም" አልኩት። "ልጃችን ገና ናት። የምንሰጣት ልጅ የለችንም።"

የሟች ሚስቴ አባት፣ ነፍሱን ይማረው፣ የእኔን ሽማግሌዎች ያለው ቃል በቃል ይህንኑ ነው። በሦስተኛው ሰጠ። በመጀመሪያው እሺ የሚል ሰው ልጁን የናቀ ነው።

ጣሊያኑ ባሕሩን አየ። "ገባኝ" አለ። ደንቡ የገባው መሰለኝ። ስንመለስ ነፋሱ ከኋላ ገፋን፤ ቶሎ ቤታችን ደረስን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቢስክሌቱን አላወጣሁም። ሙሉ ልብሴን ለበስኩ፣ ወንበር ደረደርኩ፣ ከአይሁዱ ዳቦ ቤት ቅቤ ያልነካው ዳቦ ገዛሁ። ማንም አልመጣም። በሚቀጥለውም። ዳቦው ደረቀ። ይኸው ጣሊያን! አልኩ። አንዴ ጠይቆ ተወን። ለጨዋታ ነበር የጠየቀው።

ልጅቷ አንድ ቀን ከሥራ ገባች፤ ነጭ ልብሷን እንኳን አላወለቀችም።

"ጋሼ፣ ምን አሏቸው?"

"ማንን?"

"ያውቃሉ ማንን።"

"የሚባለውን አልኩ።"

"ምንድን ነው የሚባለው?"

"አይሆንም ነዋ።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ልጃቸው ኒው ዮርክ ሥራ አግኝቷል። ሊሄድ ነው። አባቱ ሰውየው እንቢ ብሏል፣ ለምን እንቢ እንዳለ አውቃለሁ፣ አልፈርድበትም፣ ተወው አሉት። ሶ፣ አለቀ።"

"ምኑ ነው ያለቀው? ገና አንዴ ነው እኮ የጠየቀው!"

አፏን ከፍታ አየችኝ። "ጋሼ! እሳቸው ይህን በምን ያውቃሉ?"

"ካላወቀ ይጠይቃላ!"

"ማንን ይጠይቁ?"

"አንቺ ለምን አልነገርሽውም?"

"እኔ ከዚህ በፊት ታጭቼ አውቃለሁ? ይሂዱና ይንገሯቸው።"

"የሴት ወገን ሄዶ ልጃችንን ውሰዱልን ይላል? አባትሽ ከመቃብሩ ይነሳል።"

"አባዬ ቢኖር ድራይቭ አድርጎ ይሄድ ነበር።"

"አባትሽ መንዳት አይችልም ነበር።"

"እኔ እየቀለድኩ አይደለም ጋሼ" አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

በዚህ አገር ሕግ ማንንም ሳትጠይቅ ሄዳ ማግባት ትችላለች። ጠይቂ ያላት የለም። የጠየቀችኝ ስላከበረችኝ ነው፣ የምታለቅሰውም ስላከበረችኝ ነው። ይሄ ከበደኝ። ቢሆንም አልሄድም አልኩ፤ ሱቁ ሄጄ ደጅ አልጠናም። ቅዳሜ ቢስክሌት ከመንዳት ግን ማንም አይከለክለኝም።

በአጥሩ በር ስገባ ሩቅ ከፊት ነጭ ቆቡን አየሁት። አገር ቤት ፈረንጅ እንደምንጠራው "ሙሴ!" ብዬ ተጣራሁ። ዞር ብሎ አየኝ። አየኝና ጎንበስ ብሎ ይረግጠው ጀመር! ነፋሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ቀመስኩት። ኮቴ እንደ ድንኳን ተነፋ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ደረቴ ነደደ። ሙሴ፣ ሙሴ እያልኩ ረገጥኩ። ድምፄን ነፋሱ መልሶ ለእኔው ያመጣዋል።

ድልድይ ሥር ሲደርስ ፍሬን ያዘ፤ እዚያ ቦታ ውሃው መንገዱ ላይ ወጥቶ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ያበቅላል፣ ያዳልጣል። እኔ ፍሬን አልያዝኩም። ቢስክሌቱ ከሥሬ ከዳኝና በጎኔ ግድግዳው ላይ ተላተምኩ። ወደ ቦዩ ያልወደቅኩት እግዜር ስለወደደኝ ነው። ጣሊያኑ ድምፁን ሰምቶ ተመለሰ። መጀመሪያ ያየው ቢስክሌቱን ነው፣ ቀጥሎ እኔን።

"ለምን ሸሸኸኝ?" አልኩት፣ መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ።

"ልትመታኝ የመጣህ መስሎኝ።"

"ልመታህ ብፈልግ ሱቅህን አላውቀውም?"

"እሱንም አስቤዋለሁ። ሌላ ቁልፍ ገዝቻለሁ።"

ለካ እሱም ሲጠረጥረኝ ነው የከረመው።

"ለምን ተመልሰህ አልመጣህም?"

"አይሆንም አልከኛ።"

"ስንቴ?"

"አንዴ።"

"አንዴ ተጠይቆ ልጁን የሚሰጥ ምን ዓይነት አባት ነው? ልጅ ናት ወይስ ብርቱካን?"

የጠመመውን ጎማ ሊያቃና ይዞት ነበር፤ ተወው። አጠገቤ ቁጢጥ አለ። "ስንት ጊዜ ነው የሚጠየቀው?"

"እኔ የሴት ወገን ነኝ፤ ይህን ልነግርህ አልችልም።"

"እሺ።"

"ቢሆንም ሰው ሲመጣ ብቻውን አይመጣም፣ ሦስት ሆኖ ነው። ሱሪ ለብሶ ነው። ሳይፈቀድለት አይቀመጥም። ሁለተኛም አይሆንም ሊባል ይችላል። የተባለ ሰው ኩርፊያውን ይዞ ቤቱ አይተኛም።"

"ሦስተኛስ?"

"ሦስተኛውን እግዜር ነው የሚያውቀው።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ በራችን ተንኳኳ። ጣሊያኑ ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አንቆት፤ የሚስቱ ወንድም፣ ወፍራም ሰው፣ ደረጃው ትንፋሹን ቆርጦት፤ ሦስተኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዳቦ የምገዛበት ሱቅ ባለቤት፣ አይሁዱ! ተቀመጡ አልኩ። አንቀመጥም አሉ። ወፍራሙ ወንበሩን በዓይኑ ይለምነዋል። ጣሊያኑ ጉዳዩን ተናገረ። አይሆንም፣ ዘመድ እናማክራለን አልኩ። ዳቦ ጋጋሪው ደሙ ፈላ፤ "ይህን ሁሉ ደረጃ የወጣነው ለዚህ ነው?" ሲል ጣሊያኑ በክርኑ ጎሸመው። "ዝም በል፣ ጥሩ እየሄደ ነው" አለው።

በተከታዩ ቅዳሜ ለሦስተኛው ጥያቄ መጡ። ልጅቷ ኩሽና ናት፤ ዕቃ የምታጥብ መስላ ታዳምጣለች። ከደንቡ ውጭ የሆነ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ እጁ ከቆመበት ዕለት ጀምሮ የያዝኩት ነው።

"ከቤታችሁ እኛ አገር የዘመተ አለ?" አልኩት።

ኩሽና የውሃው ድምፅ ቆመ። የሚስቱ ወንድም ወለሉን አየ። ጣሊያኑ እኔን አየ።

"ታላቅ ወንድሜ" አለ። "ከተመለሰ በኋላ ሰው ሳያስከትል ቦይ ለቦይ ሲነዳ ይውል ነበር። ምን እንዳደረገ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። መጠየቅ ነበረብኝ። አሁን ሞቷል።"

ማንም አልዘመተም ቢለኝ ኖሮ፣ በእምነቴ እምላለሁ፣ አልሰጥም ነበር። መንገድ ሊሠራ ነው የሄደው ቢለኝማ በደረጃው ነበር የምሸኘው። ሰው ራሱን ሲያጸዳ እሸሻለሁ። ይሄ ራሱን አላጸዳም። አባቴን አስታወስኩ ልል አልችልም፣ አላውቀውምና። ወንድሜን አስታወስኩ። የእሱ ልጅ ከግድግዳው ወዲያ ትንፋሿን ይዛለች።

"ተቀመጡ" አልኳቸው።

ወፍራሙ ከሁሉም ቀድሞ ተቀመጠ። ኩሽና ውስጥ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ፤ ማንም ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በሰላም የሄደ እንዳይመስላችሁ። ጣሊያኑ ሠርጉ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ይሁን አለ፤ ልጁ ኒው ዮርክ የሚገባበት ቀን ተቆርጧል። የእሱ ፋሲካ ከእኛ ቀድሞ ይውላል፤ እኛ ገና ጾም ላይ ነን። በጾም ድግስ የለም አልኩ። ስንት ቀን ነው ቢጠብቁ? አልኩ። ሥራው አይጠብቅም አለ። ጠረጴዛው ተመታ። ልጅቷ እጇን እየጠረገች ከኩሽና ወጣችና፣ "ጋሼ እንዳሉት ይሁን። ለእሱ እኔ እነግረዋለሁ" አለች፤ ክርክሩ በዚያ አለቀ።

ልጁ የኒው ዮርኩን ሥራ ተወና ጠበቀ። የእኛ ፋሲካ ሲወጣ ተጋቡ። ጥሩ ሥራ ጥሎ የሚጠብቅ ሰው ምን አስቦ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ስከታተለው ኖርኩ። እስካሁን ያገኘሁበት ነገር የለም።